ከሰሉን እናዘግየው፦ በሸራ ቤት ውስጥ ሙቀትን ይዞ ማደር

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ በአንድ ሌሊት ቤተሰቤን በሙሉ ላጣ ነበር። ጥይት አልነበረም፣ ወረርሽኝም አልነበረም። ከሰል ነበር።

ያን ዕለት ማታ ብርዱ ከሌላው ቀን ብሶ ነበር። እማዬ እራት የሠራችበትን የከሰል ምድጃ ጭሱ እስኪያልቅ ደጅ አቆየችውና ፍሙ ቀይ ሲሆን ወደ ውስጥ አስገባችው። «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ምንም አይልም» አለች። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይኼንኑ ስለሆነ ዝም አልኩ። የበሩን ሸራ ጥርቅም አድርገን ዘግተን ተኛን።

ሌሊት ላይ ራሴን ሊፈልጠኝ ሲል ነቃሁ። ልነሳ ብል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ታናሽ እህቴን ጠራኋት፣ አትመልስም። እየዳኽሁ ሄጄ ሸራውን ገለጥኩና እሷን በእጄም በልብሷም ጎትቼ ደጅ አወጣኋት። እማዬ እያስመለሳት ተከተለችን። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፣ ባጃጅ ተገኘ፣ እህቴ ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተደርጎላት ረፋዱ ላይ ነው ስሜን የጠራችው። «ምነው ትጮሃለህ?» ነበር ያለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስጮህ የሰማችኝ እሷ ብቻ አልነበረችም መሰለኝ።

እኔ በመጠለያው ውስጥ ሕፃናትን የማስተምር በጎ ፈቃደኛ ነኝ። የጨረስኩት 12ኛ ክፍልን ነው፣ ሐኪምም መሐንዲስም አይደለሁም። ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ ከሰሉን ውስጥ አናስገባ ካልን ታዲያ ብርዱን በምን እናልፋለን? የጤና ባለሙያዎችን ጠየቅሁ፣ የፊዚክስ ደብተሬን አስታወስኩ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አዳመጥኩ፣ ቤታችን ውስጥም ሞከርኩት። ያገኘሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ብርዱ ለምን እንዲህ ይበረታል?

ያለነው ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ። ብዙዎቻችን በ2014 ዓ.ም. ከወለጋ ስንፈናቀል የመጣነው ማንጎና ቡና ከሚበቅልበት ሞቃት ቀበሌ ነው። እዚያ ማታ ደጅ ቁጭ ብለን ነጠላ እንኳ አንለብስም ነበር። እዚህ ስንደርስ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ነገር አይተን ጨው የተበተነ የመሰለው ሰው ነበር። ውርጭ ነው።

ካኩማና ዳዳብ ያላችሁ ወገኖቼ ይኼን ስታነቡ «እስቲ ብርዱን ላኩልን» ትሉ ይሆናል። አውቃለሁ፣ የእናንተ ጭንቅ ሙቀት ነው። ግን ስለ ከሰል የጻፍኩትን ክፍል አትዝለሉት። ዝናብ ሲመጣ ምድጃ ወደ ውስጥ የሚገባው እናንተም ጋ ነው።

ብዙ ሰው ብርድ የክረምት ነገር ይመስለዋል። እዚህ ግን የሌሊቱ ብርድ የሚከፋው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ምክንያቱ ደመና ነው። ደመና ለመሬት እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ቀን የሞቀው መሬት ማታ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ ደመናው የተወሰነውን ይመልሰዋል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ሲል ግን የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ከዋክብቱ አምረው የታዩበት ማታ፣ ንፋሱም ጸጥ ካለ፣ ውርጭ የሚወርድበት ሌሊት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ማታ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። በጣም የሚበርደው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ድረስ ነው። ማታ የተለኮሰ ከሰል ደግሞ በዚያ ሰዓት ዐመድ ሆኗል። ዋናው ብርድ ሳይመጣ ያልቃል ማለት ነው።

ምድጃው እናንተው ናችሁ

ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሁለት ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ይዤ ገባሁ። አንዱን እንዳለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሌላውን በእማዬ ጋቢ ጠቀለልኩት። ልጆቹ ለእረፍት ከመውጣታቸው በፊት እየመጡ ነኩ። ራቁቱን የቆየው ቀዝቅዟል፣ የተጠቀለለው ገና ሙቅ ነው። አንዷ ተማሪ «ጋቢው አሞቀው» አለች። እሺ፣ አልኩና ከደጅ ቀዝቃዛ ድንጋይ አምጥቼ በዚያው ጋቢ ጠቀለልኩላት። ከእረፍት ሲመለሱ ድንጋዩ እንደቀዘቀዘ ነው።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ጋቢ አያሞቅም። ብርድ ልብስም አያሞቅም። ያለውን ሙቀት ይይዛሉ እንጂ። ሙቀቱን የሚሠራው ሰውነታችን ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጤነኛ አዋቂ ሰው ሰውነቱ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል፣ አንድ የድሮ ባለ 100 ሻማ አምፑል እንደማለት ነው። ሲተኛ ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አምስት ሰው የተኛበት ቤት አምስት አምፑል ሌሊቱን ሙሉ እንደበራበት ነው። ችግሩ ሙቀት ማጣታችን ሳይሆን ሙቀቱ ማምለጡ ነው።

ይኼን ስረዳ ለከሰል ያለኝ አመለካከት ተለወጠ። ቀዳዳ እንስራ ላይ ውሃ መጨመር ነው ነገሩ። መጀመሪያ ቀዳዳውን መድፈን ነው። ቀዳዳዎቹ አራት ናቸው።

አንደኛው፦ መሬት

ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ያለን ሁለቱንም ከላይ እንደርባለን፣ ከታች ግን ስስ ሰሌን ብቻ። ቀዝቃዛ መሬት ከሰውነት ሙቀት እየጠጣ ያድራል፣ አያቆምም። የሚቀጥን ፍራሽም በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ ውስጡ ያለው አየር ይወጣል፣ ያለ አየር ደግሞ ሙቀት የሚይዝ ነገር የለም።

እኛ ያደረግነው ይኼ ነው። መጀመሪያ ከታች ላስቲክ፣ እርጥበቱን እንዲይዝ። ከላዩ የተዘረጉ ካርቶኖች። ከዚያ በጭድ የተሞሉ ማዳበሪያዎች፣ ጎን ለጎን የተሰፉ። ከዚያ ፍራሹ። አጎዛ ያለው ሰው ከፍራሹ በላይ ያንጥፈው፣ ከበግ ጠጉር የተሻለ ነገር የለም። ጭዱን በየጊዜው ፀሐይ ላይ በትኖ ማድረቅ፣ ሲደቅ መለወጥ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ቁንጫ ይገባበታል። ሁለት ብርድ ልብስ ብቻ ካላችሁና ከታች ምንም ከሌለ፣ አንዱን እጥፍ አድርጋችሁ ከታች አድርጉት። የመጀመሪያውን ሌሊት ሞክራችሁ ፍረዱ።

ሁለተኛው፦ ንፋስ

ሙቅ አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይገባል። ስለዚህ የሸራው የታችኛው ጫፍ ከመሬት ጋር የማይገናኝበት ቦታ ሁሉ ለብርድ የተከፈተ በር ነው። የሸራውን እግር ዙሪያውን በድንጋይና በአፈር ቅበሩት። ከውጭ በኩል ትንሽ ቦይ ቆፍሩ፣ ክረምት ላይ ጎርፍ እንዳይገባ። የእንጨት ማገር ያለው ቤት ከሆነ በጭቃና በጭድ መመረግ ከሁሉ ይሻላል፤ እኛ ምርጊቱን ከሁለት ጎረቤት ጋር ተጋግዘን በሁለት ቅዳሜ ጨረስነው።

በሩ ላይ አንድ መጋረጃ ብቻ ከሆነ፣ ግማሽ ክንድ ያህል ገባ ብሎ ሌላ መጋረጃ ከማዳበሪያ ሰፍታችሁ ስቀሉ። አንዱን ገልጦ ገብቶ፣ እሱን ዘግቶ፣ ከዚያ ሁለተኛውን መግለጥ። ልጆች ይኼን ለመልመድ አንድ ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ ታገሱ።

ግን ልብ በሉ፦ ቤቱን እንደ ጠርሙስ አትድፈኑት። ከላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ የቡጢ ስፋት ያለው መተንፈሻ ይቅር። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

ሦስተኛው፦ እርጥበት

ውሃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን ወደ 25 እጥፍ በሚሆን ፍጥነት ያስተላልፋል። እርጥብ ካልሲ ለብሶ ከመተኛት ባዶ እግር መተኛት የሚሻለው ለዚህ ነው። ቀን የሠራንበት ልብስ ደረቅ ይመስላል እንጂ ላባችንን ይዟል። ስለዚህ ለመኝታ ብቻ የሚሆን አንድ ቅያሪ ለዩ፤ አሮጌ ቢሆንም ደረቅ ይሁን።

ሸራ ቤት ውስጥ የተኛ ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። ጠዋት ጣሪያው ያለቅሳል። ዝናብ ሳይዘንብ ብርድ ልብሱ ይረጥባል። ያ ውሃ የራሳችን ትንፋሽ ነው፤ ሙቁ ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ጠል ይሆናል። መተንፈሻው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ተሸፋፍነን ብርድ ልብስ ውስጥ መተንፈስ እንወዳለን፤ ለጊዜው ይሞቃል፣ ሊነጋ ሲል ግን ልብሱን አርጥበን እንንቀጠቀጣለን። ራሳችሁን በሻሽ ወይም በኮፍያ ሸፍኑ፣ አፍንጫችሁ ግን ውጭ ይሁን።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ መኝታውን በሙሉ ደጅ አውጡ። ይኼ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። የደረቀ ብርድ ልብስና የረጠበ ብርድ ልብስ ማታ ላይ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

አራተኛው፦ ጣሪያ

ሙቀት ወደ ላይ ስለሚሄድ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ካለን የምናሞቀው ማንም የማይተኛበትን ቦታ ነው። የማዳበሪያ ኮርኒስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቤቱን በሙሉ መሸፈን ካልቻላችሁ ከመኝታው በላይ ብቻ፣ ቆመው እጅ በሚደርስበት ከፍታ፣ ማዳበሪያ ሰፍታችሁ ወጥሩ፤ በጎንም አውርዱት። ቤት ውስጥ ትንሽ ቤት ማለት ነው። አምስቱ አምፑሎች የሚያሞቁት ቦታ ሲጠብ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ስለ ልብስ አንድ ነገር

አያቶቻችን ፊዚክስ ሳይማሩ ያውቁት ነበር። ጋቢ አራት እጥፍ የሆነው ለጌጥ አይደለም፤ በእጥፎቹ መካከል አየር ይታሰራል፣ ሙቀት የሚይዘውም ያ የታሰረ አየር ነው። የመንዝ ሰዎች ባናና ዝተት ከበግ ጠጉር የሚሠሩት፣ በርኖስ የሚለብሱት፣ አገሩን ስለሚያውቁት ነው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ጃኬት ከመፈለግ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደረብ ይሻላል፤ ሰፋ ይበል እንጂ አይጥበቅ። የጠበበ ካልሲ ላይ ሌላ ካልሲ ብትደርቡ አየሩንም ደሙንም ታስጨንቃላችሁ፣ እግራችሁ ይብስ ይቀዘቅዛል።

ምሽቱን እንዴት እናሳልፈው?

የእኛ ቤት ምሽት አሁን እንዲህ ነው።

ቀን ፀሐይ በምትገባበት በኩል ያለውን ሸራ ከፍተን እናውላለን። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን፣ ብርዱ ሳይመጣ፣ እንዘጋለን። ብዙ ሰው የሚዘጋው ሲበርደው ነው፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ወጥቶ አልቋል።

ድሮ 12 ሰዓት ላይ ከሰል እንለኩስና ዙሪያውን ቁጭ ብለን እናመሽ ነበር። አሁን እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ አንለኩስም። በዚያ ሰዓት መካከል ሥራ አለ፤ ውሃ መቅዳት፣ ዕቃ ማጠብ፣ እኔ ደብተር ማረም፣ እህቴ ገመድ መዝለል። የሚንቀሳቀስ ሰውነት ከተቀመጠው ብዙ እጥፍ ሙቀት ያወጣል። ላብ እስኪያወጣ ግን አይሁን።

እራት ደጅ ወይም በጋራ ማብሰያው ይሠራል። በአንድ እሳት ሦስት ሥራ፦ መጀመሪያ ወጡ፣ ቀጥሎ ለፔርሙዝ የሚሆን ሻይ ወይም አጥሚት፣ መጨረሻ ረመጡ ላይ ለመኝታ የሚሆን ውሃ። ከተቻለ ከጎረቤት ጋር ተራ መግባት ደግሞ ከሰሉን ለሁለት ቤት ያካፍላል። እኛ ከእማማ ጋር (የጎን ጎረቤታችን ናቸው፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው) አንድ ቀን በእኛ፣ አንድ ቀን በእሳቸው ከሰል እንሠራለን። በሳምንት አራት ፌስታል ይፈጅ የነበረው አሁን ሁለት አይሞላም።

ባዶ ሆድ አትተኙ። ሰውነት እንደ ምድጃ ነው ካልን ማገዶው ምግብ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። አጥንቱ ባይገኝም አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ትንሽ በሶ፣ ትኩስ አጥሚት ሌሊቱን ያግዛል።

አረቄ ግን አያግዝም። አውቃለሁ፣ አባቶች ይኼን ስል ይስቁብኛል። አረቄ ሲጠጣ የሚሞቀን ደማችን ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ነው፤ ቆዳ ላይ የወጣ ሙቀት ደግሞ ወደ ብርዱ እየሄደ ነው። መሞቅ ይመስላል፣ ነገሩ ግን መቀዝቀዝ ነው። ሰክሮ ደጅ ወድቆ ላደረ ሰው ደግሞ ውርጭ ምሕረት የለውም።

የጀሪካኑ ነገር

በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትወስዳላችሁ ብባል ይኼን እመርጣለሁ። ውሃ ሙቀትን በመያዝ የሚያህለው ጥቂት ነው። ሦስት ሊትር ሙቅ ውሃ ብርድ ልብስ ውስጥ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት ባለ 100 ሻማ አምፑል ከአንድ ሰዓት በላይ በርቶ ከሚሰጠው ጋር ይስተካከላል። ያውም የሚሰጠው ለጣሪያው ሳይሆን ለእግራችሁ ነው።

አሠራሩ፦ ወፍራም ጀሪካን ውሰዱ። ስሱ የሃይላንድ ፕላስቲክ በፈላ ውሃ ይኮማተራል፣ አትጠቀሙበት። የፈላውን ውሃ ጥቂት ደቂቃ አብርዱና ቅዱ። ክዳኑን ግጥም አድርጉ፣ ገልብጣችሁ እንደማያፈስ እዩ። በወፍራም ጨርቅ ወይም በአሮጌ ሹራብ ጠቅልሉት፤ ቆዳ በቀጥታ እንዳይነካው፣ ተኝቶ የሚቃጠል ሰው አይሰማውም። ከመተኛታችሁ በፊት ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገቡት፣ ስትገቡ እግር በኩል አድርጉት። ለሕፃን ግን አጠገቡ አትተዉት፤ መኝታውን አሙቁበትና ሕፃኑን ስታስገቡ አውጡት። ጠዋት ለብ ያለው ውሃ ፊት መታጠቢያ ይሆናል።

አሁን ወደ ከሰሉ

የኔን ቤት ያየ ሰው «ጭሱ ወጥቶለታል» የሚለውን ቃል ዳግመኛ አያምንም። የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስነጥስም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጭስ ያስለቅሰንና ያስወጣናል፤ ይኼኛው ግን ያስተኛል። ቀይ ፍም የሆነውም፣ ዐመድ የለበሰውም ያወጣዋል።

በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ከሱ ጋር ይጣበቃል። ታክሲው ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ወንበሩን የያዘ፣ አልወርድም ያለ ሰው በሉት። እኛ እንተነፍሳለን፣ ኦክስጅን ግን ወንበር የለውም። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ የሚቀማን ነገር ሲመጣ ቶሎ እንጎዳለን።

በሰፈራችን የሚባሉ ነገሮች አሉ። «ውሃ በሳህን አጠገቡ አስቀምጥ»፣ «ጨው ነስንስበት»፣ «በሩን በጣት ያህል ክፈት»። አንዳቸውም አያድኑም። ውሃም ጨውም ይኼን ጋዝ አይዙትም፤ የጣት ቀዳዳም ሰው ተኝቶ ምድጃው ሲነድ አይበቃም። ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ መተንፈሻ ለትንፋሽ ጠል እንጂ ለከሰል ፈቃድ አይደለም። ኩበትም እንጨትም ፍም ሲሆኑ ያው ናቸው። ሕጉ አንድ ነው፦ እሳት ከበር መልስ አይገባም። በተለይ ሰው ሊተኛ ሲል።

ምልክቶቹን እወቁ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ ግራ መጋባት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። ጉንፋን ይመስላል። ግን ከቤቱ ሰው ሁለት ሦስቱን በአንድ ጊዜ ካመመው፣ ደጅ ሲወጣም የሚሻለው ከሆነ፣ ከሰል ነው። ያን ጊዜ፦

1. ማሰብ ሳያስፈልግ ሁሉንም ሰው ደጅ አውጡ። ምድጃውን ለማጥፋት አትዘግዩ።
2. ጩኹ፣ ጎረቤት ጥሩ። የሚያወጣው ሰው ራሱ ሊወድቅ ይችላል።
3. ሕሊናውን የሳተውን በጎኑ አስተኙት። ወተትም ውሃም አትጋቱት፤ ወተት ይኼን ጋዝ ከደም አያወጣም፣ ትን ብሎት ግን ሊገድለው ይችላል።
4. የተሻለው ቢመስልም ጤና ተቋም ውሰዱት። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው።

እርጉዞችና ሕፃናት በትንሹም ይጎዳሉ፤ እናትየዋ የተሻላት ቢመስልም ሆዷ ውስጥ ያለው ላይሻለው ይችላልና ትታይ።

ደግሞም ጋዙን ብናመልጥ እሳቱ አለ። ሸራና ማዳበሪያ ቶሎ ይነዳሉ፣ አሁን ደግሞ በጭድና በካርቶን አጥረነዋል። ሻማም ቢሆን ከመኝታው ይራቅ፣ ሰው ሲተኛ ይጥፋ።

ለትንንሾቹና ለትልልቆቹ

ሕፃናት ሙቀታቸውን ቶሎ ያጣሉ፣ አዲስ የተወለዱት ደግሞ እንደኛ መንቀጥቀጥ እንኳ አይችሉም። ለአራስ ልጅ ከሁሉ የሚሻለው ምድጃ የእናት ደረት ነው፤ ልጁን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ ቆዳ ለቆዳ ደረት ላይ ማስተኛት፣ ከላይ ጋቢ መደረብ፣ ፊቱን ግን አለመሸፈን። እናት ስትደክም አባትም ይችላል፣ አያፍርበት። ልጁ ሆዱ ሲነካ ከቀዘቀዘ፣ መጥባት ከተወ፣ ዝልፍልፍ ካለ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።

አረጋውያን ደግሞ ብርዱ አይሰማቸውም፣ ወይም ተሰምቷቸው አይናገሩም። እማማ አንድ ማታ «ደህና ነኝ ልጄ» እያሉን ቃላቸው ይንተባተብ ነበር። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ሰው ይደናገራል፣ ይንተባተባል፣ በኋላም መንቀጥቀጡ ይቆማል። መንቀጥቀጥ ማቆም መሻል አይደለም፣ መባስ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ደረቅ ልብስ ቀይሩለት፣ ደረቱንና ሆዱን አሙቁ፣ እጅ እግሩን አትሹት፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር ያለው ትኩስ ነገር ስጡት፣ ወደ ሕክምናም ውሰዱት። እማማን እኛ ጋ አምጥተን በእማዬና በእህቴ መካከል አስተኝተናቸው አብሮን አንድ የጤና ሠራተኛ እስኪመጣ ቆየን። ከዚያ ወዲህ በውርጭ ሌሊት እኛ ጋ ያድራሉ። ስድስተኛዋ አምፑላችን እንላቸዋለን።

ለማጠቃለል

ቅደም ተከተሉን በቃላችሁ ያዙት፣ ተማሪዎቼ በጣታቸው ነው የሚቆጥሩት፦ መጀመሪያ ደረቅ መሆን፣ ቀጥሎ ከታች ማንጠፍ፣ ቀጥሎ ንፋስ መዝጋት፣ ቀጥሎ መደረብ፣ አምስተኛው እሳት፣ እሱም ደጅ። ከሰሉን በአንድ ሰዓት ባዘገያችሁ ቁጥር ለነገ የሚተርፍ ሳንቲም አለ። ወደ ውስጥ ባላስገባችሁት ቁጥር ደግሞ ለነገ የሚተርፍ ሰው አለ።

ይኼ ሁሉ ቤት አይተካም። ጭድ የሞላ ማዳበሪያ ግድግዳ አይሆንም፣ የብርድ ልብስ ዕርዳታ ውርጩ ካለፈ በኋላ ሲደርስም የምናመሰግነው ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ነው። ይኼን መናገራችንን አንተው። ግን እስከዚያው ድረስ ዛሬ ማታ ይመሻል፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል።

እማዬ አሁን ምድጃውን ደጅ ትታ ስትገባ ወደ ኋላዋ ዞራ አንድ ጊዜ ታየዋለች። ምንም አትልም። እህቴ ጀሪካኑን አቅፋ ተኝታለች፤ እኔ ደግሞ ሌሊት ስነቃ መጀመሪያ የማዳምጠው ትንፋሿን ነው። ይሰማል።